ጥንቸሏን ከእናቶቻችን ላይ አንሱልን

ኧረ በናታችሁ ለአዋቂ ሰው የሚሆን የአማርኛ ማንበቢያ አፕ የሚሰራ ጠፋ? ማታ ማታ ለጎልማሶች ፊደል አስተምራለሁ፣ አሮጌ ላፕቶፖች ተሰጡን ብለን ደስ ብሎን ነበር፣ ከዛ የሚጫን ነገር ስፈልግ ሶስት ሳምንት አለቀ። ያገኘሁት ሁሉ የህፃን ነው። ሀ ሲነኩት ጥንቸል ትዘላለች፣ ሲሳሳቱ ደግሞ "ጎበዝ ልጅ፣ እንደገና ሞክሪ!" ይላል፣ ይሄን እኮ የሚባሉት አራት ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው! አንዷ ድምፁን ሰምተው ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፣ በማግስቱ አልመጡም። አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ኪቦርዱ ደሞ ሌላ ጣጣ። ለ ብሎ ለመፃፍ ኤል እና ኢ መጫን አለባቸው፣ አማርኛ ለመማር መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል ሊማሩ ነው እንዴ? 231ዱ ፊደል በየቤቱ ተደርድሮ በጣት ቢነካ ምን ነበረበት! እነሱ የሚፈልጉት የመብራት ቢል ማንበብ፣ የታክሲ ታፔላ መለየት፣ ልጃቸው ከቤሩት የላከችውን ሜሴጅ ጎረቤት ሳያስነብቡ ራሳቸው ማየት ነው። በ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳን ለአዋቂ ተብሎ መፅሀፍ ታትሟል እኮ!

ለጊዜው ላፕቶፑን ዘግቼ የራሴን የመብራት ቢል ፎቶኮፒ አድርጌ በሱ እያስተማርኩ ነው።