ይድረስ፦ ተዘግተውም ለማይዘጉት የሳሎናችን መስኮት

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል
ጉዳዩ፦ ጡረታዎን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከጉንፋን፣ ከሳል፣ ከአንገት መንጋደድና እርስዎ ከሚያውቁት ሌላ ነገር በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አንቱ የምልዎት ስለሚበልጡኝ ነው። አባቴ በ1974 ዓ.ም. ቤቱን ሲሠራ ነው ያስገባዎት። እኔ ስወለድ እርስዎ ሁለት ክረምት አሳልፈው፣ ቀለምዎ ተልጦ፣ መዘጋት እምቢ ማለት ጀምረው ነበር። እንግዲህ ወደዚህ ቤት በኋላ የመጣሁት እኔ ነኝ። እንግዳ ባለቤቱን "ውጣ" ይላል ወይ? ዘንድሮ ይላል።

ለማያውቅዎ ሰው ትንሽ ላስተዋውቅዎት። በምሥራቅ በኩል፣ ፊትዎን ወደ ጣርማ በር አዙረው የተቀመጡ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ባለ ስድስት መስታወት የእንጨት መስኮት ነዎት። ከተማችን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ሲብስበት ዜሮንም አልፎ ይሄዳል። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ተነጥፎ ይገኛል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። እርስዎ ግን ብርሃኑን ውጭ አቁመው ብርዱን ብቻ ያስገባሉ። በእርስዎ በኩል ላያት ሰው ደብረ ብርድ ናት። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ለምን እዚህ ከተማ ተተከለ ብሎ፣ እርስዎ ሥር ያደረ ሰው አይጠይቅም።

ያለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣብን። የእናቴ የአጎት ልጅ ነው። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ቡና ተቀዳለት። መጋረጃው ከፍ ዝቅ ይላል። አየው፤ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ "ኧረ መስኮቱን ዝጉት" አለ። እናቴ "ዝግ ነው" አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ተነሥቶ መያዣውን ሳብ ሲያደርግ መያዣው እጁ ላይ ቀረ። ይዞት ተመለሰና ስኒው አጠገብ አስቀመጠው። እስካሁን ቡፌው ላይ አለ። ሰውዬው ሦስት ቀን ሊቆይ ነበር የመጣው፤ በማግስቱ በጠዋቱ መኪና 130 ኪሎ ሜትሩን ተመለሰ።

ያን ዕለት "ይሄ መስኮትስ መቀየር አለበት" ተባለ። እውነቱን ለመናገር ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ነው የተባለው። ችግሩ መቼ የሚለው ነው።

ጥቅምት ላይ ውርጩ ይገባል፤ "ግድግዳ ተከፍቶ ይታደራል ወይ?" ይባላል። ኅዳርና ታኅሣሥም ያው ናቸው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ለመስኮት የተያዘው ብር የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሄዶ ጨፈረ። የካቲት ላይ በልጉ ጣል ጣል ይላል፤ "ዝናብ ያስገባል" ይባላል። (አሁን የማያስገባ ይመስል።) መጋቢት ጾም ነው፤ ማን አቅም አለው? ሚያዝያ በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ። ሰኔ ሲገባ ክረምት፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ እንኳ ሳሎን ገብቶ መቀመጥ ይቃጣዋል። መስከረም ደብተርና ዩኒፎርም። የምትቀረው ግንቦት ብቻ ናት። ግንቦት ደግሞ ይሞቃል። ሲሞቅ መስኮት ማን ትዝ ይለዋል? እርስዎ በዚህች ቀዳዳ ነው ከአርባ ዓመት በላይ የሾለኩት።

ጠባይዎን ደግሞ እናውቀዋለን። በክረምት እንጨትዎ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሁለት ሰው ቢገፋዎት አይከፈቱም። በበጋ ይደርቃሉ፣ ይሸማቀቃሉ፤ ትንሿን ጣት ያሳልፋሉ። ከሥር ያለው ዋልካ መሬትም ያግዝዎታል፤ ሲረጥብ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። በዓመት ልክ የሚሆኑበት ጊዜ ቢኖር መስከረም ላይ ሁለት ሳምንት ነው። ያኔ ደግሞ አደይ ፈንድቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ልንከፍትዎ እንጂ ልንዘጋዎ አንፈልግም።

እርስዎ ላይ ያልተወተፈ ነገር የለም። ጋዜጣ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ፌስታል፣ የወንድሜ ካልሲ፣ ከአያቴ የመንዝ ባና የተቀደደ ቁራጭ። ስቱኮ በየዓመቱ ይቀባልዎታል፤ በየዓመቱ ደርቆ እንደ ቆሎ ይረግፋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ መጀመሪያ ነፋስ ገባ፣ ቀጥሎ አቧራ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ድመት እግሯን አስገብታ የወተቱን ክዳን ደፋች።

ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን መስታወት በ1986 በኳስ የሰበርኩት እኔ ነኝ። አልክድም። አባቴ "መስታወት እስኪገዛ" ብሎ የራሱን የደረት ራጅ በመቀስ ቆርጦ በአራት ሚስማር መታበት። "ሳንባዬ ውስጥ ሆኖ ብርድ አልችል ብሏል፤ እስቲ ውጭ ይሞክረው" አለ። መስታወቱ እስካሁን አልተገዛም። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በፊልሙ ታልፋለች። ሳንባው ጥቁር ነው፤ ጎድኖቹ ግን ነጣ ነጣ ብለው ትይዩ ግድግዳ ላይ ያርፋሉ፤ ልቡ ያለበት ቦታም እንደዚያው። ቀስ እያሉ ወደ ሶፋው ይወርዳሉ። እናቴ በዚያ ሰዓት እዚያ ጋ ነው የምትቀመጠው። ስለ ፀሐዩ ነው ትላለች።

ዘንድሮ ግን በስሜት አልሄድኩም። ምርመራ አደረግኩልዎት። መጀመሪያ ዘጋሁዎትና ጧፍ ለኩሼ በዳር በዳርዎ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ከላይ ነበልባሉ ጋደም አለ። በጎን ተርበተበተ። ከሥር ስደርስ እፍ ብለው አጠፉት። ደግሜ ለኮስኩ፤ ደግመው አጠፉ። ልደትዎ መሰለኝ። ቀጥሎ ብር ነው። አንድ ኖት በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል አድርጎ መዝጋት፣ ከዚያ መሳብ። ደህና መስኮት ብሩን ነክሶ ይይዛል። እርስዎ ግን እጄን ሳልሰነዝር በነፋስ መልሰው እግሬ ሥር ጣሉልኝ። በዕድሜዎ ለዚህ ቤት ያስገቡት ገንዘብ ይሄ ብቻ ነው።

ላብዎንም አየሁ። ሌሊቱን የምንተነፍሰው፣ የሽሮው እንፋሎት፣ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና ታችኛው እንጨት ላይ ይተኛል። እንጨት የሚበሰብሰው እዚያ ጋ ነው። ጠዋት በፎጣ ብናብሰው ኖሮ አሥር ዓመት ይጨመርልዎት ነበር። ይህቺ የእኛ ጥፋት ናት፤ በመዝገብ ትያዝልን።

ከዚያ አልሙኒየም ቤት ሄድኩ። ልጁ በካሬ ነው የምንሠራው ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። "ይሄ ዋጋ ግን እስከ ዓርብ ነው" ብሎ ጨመረ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። "አልሙኒየም አይበሰብስ፣ አይነቅዝ፣ ቀለም አይል" አለ። እውነቱን ነው። ሳይነግረኝ ያለፈው ነገር ግን አለ። አልሙኒየም ሙቀት በማሳለፍ ብረትን አራት እጥፍ ገደማ፣ እንጨትን ደግሞ ከሺህ እጥፍ በላይ ያስከነዳል። ነፋሱን ያቆመዋል፤ ብርዱ ግን በፍሬሙ በኩል መታወቂያ ሳይጠየቅ ያልፋል። መስታወቱ አንድ ብቻ ከሆነ ላቡም ይብሳል፤ ቤቱ ሲጠብቅ እንፋሎቱ መውጫ ያጣልና። መሃሉ ላይ አየር የታሰረበት ድርብ መስታወት ይሻላል። ዋጋውን ጠየቅኩት። ልጁ ካልኩሌተሩን ከፈተ፣ ጫማዬን አየ፣ መልሶ ዘጋው።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

እናቴ ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ሳሎን ታስገባለች። ከጥንትም ነው። አንድ ታኅሣሥ ታዲያ እርስዎን ድል ነሥቼ ነበር፤ ያስታውሳሉ። በባናው፣ በፕላስተሩ፣ በስፖንጁ ዙሪያዎን ጠቅጥቄ መጋረጃው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቤቱ ሞቀ። እናቴ መረቀችኝ። ፍሙ መሃል ቤት እንዳለ ተኛን። ሌሊት እህቴ "ራሴን" ብላ ተነሣች፤ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ወደቀች። ላነሣት ስል ጉልበቴ ከዳኝ። እናቴ በሩን በርግዳ አንድ በአንድ ጎትታ አወጣችን። ውርጩ ላይ ተቀምጠን ስናስመልስ ነጋ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ እንቅልፍ ነው የሚመስለው። ጠዋት እናቴ ያን ሁሉ ውታፍ ነቅላ ጣለችና "እሱ ያውቃል" አለች። እርስዎን ይሁን አባቴን አልጠየቅኳትም።

ለካ ያን ሁሉ ዘመን የረገምነው ሽውታ ነው ከከሰሉ ጋር ያኖረን። አይኩራሩብኝ ግን። ሰው አድናለሁ ብለው ሳይሆን መዘጋት አቅቶዎት ነው። ብቻ ነገሩ ገባኝ፦ እናቴ አሥራ አንድ ጊዜ "ለፋሲካ ይደርሳል" ስትል ስለ ብሩ አልነበረም። መስኮቱ ከጠበቀ ከሰሉ ይወጣል። ከሰሉን ማስወጣት ደግሞ እርስዎን ከማስወጣት ይከብዳል። ጀበናዋም፣ ወሬዋም፣ የጉልበቷ ቁርጥማትም እሱ ዙሪያ ነው የሚሰበሰበው። ስለዚህ ዘንድሮ ድርድሩን በእርስዎ ሳይሆን በምድጃው ጀመርኩ። አቦል ላይ እምቢ አለች። ቶና ላይ ዝም አለች። በረካ ላይ "እንግዲያ በረንዳው ላይ ይቀጣጠል፤ እኔም እዚያው እሞቃለሁ፤ ቤት ግን አይገባም" አለች።

ባለፈው ቅዳሜ አናጢው መጣ። ጋሼ ነው የምንለው፤ አባቴን ያውቀዋል። ካቻቢቴውን አውጥቶ የመዝጊያዎን ታችኛ እንጨት ወጋ ቢያደርገው እስከ እጀታው ገባ። እንደ ቂጣ። "ባሕር ዛፍ ነው፤ ያኔ ሳይደርቅ ነው የመቱት" አለ። ከዚያ መቃንዎን ወጋ። ካቻቢቴው ተንሸራቶ ሄደ። በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተና ዓይኑ በራ። "ጽድ! ይሄስ እኔንም አንተንም ይቀብራል።"

ውሳኔው ይህ ነው። መቃንዎ ይቀራል። መቃን ካልተነካ ግድግዳ አይፈርስም፤ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ስለዚህ የጥቅምቱም የየካቲቱም ሰበብ አከተመ። መዝጊያዎችዎ ግን ይሰናበታሉ። አዲሶቹ ከደረቀ እንጨት ይሠራሉ፣ ዙሪያቸውን ጎማ ይለብሳሉ፣ ከላይ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ማናፈሻ ትኖራቸዋለች። ጋሼ "ቤት ነው፤ ይተንፍስ እንጂ" ብሎ ነው የጨመራት። ቀኑ ግንቦት 3 ነው፤ ሙቀቱ መጥቶ እርስዎን ከማስረሳቱ በፊት።

ሜትሩን ዘርግቶ መስታወቶቹን መለካት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት እያለ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ስድስተኛው ጋ ሲደርስ እናቴ ከሶፋው ሳትነሣ "አምስት ነው" አለች።

"ስድስት ናቸው እኮ እትዬ፤ ይኸው" አላት።

"አምስት ነው" አለች።

ጋሼ ቀና ብሎ ራጁን አየ። ካየው በኋላ እርሳሱን ላሰና የጻፈውን ሰርዞ 5 ብሎ ጻፈ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለጓዳው በር፤ ሲንሲያጠጥ ሰምተነዋል።