ቅኔ መሰለን

«ሆዴን ባር ባር ብሎታል። ሌሊቱ አልነጋ አለኝ።»

ይህን ፌስቡክ ላይ የጻፈው ብቸና ያለው አብሮ አደጌ ነው። የለጠፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከሥሩ «ተቀኘህ!»፣ «የጎጃም ልጅ መች ይታማል!» የሚል አስተያየት ተደርድሯል። አንዱማ «ቀጣዩን ስንኝ ጨምርልን» ብሎታል። ልብም ዘንቦለታል። አንዷ ልብ የእኔ ናት።

ከወር በኋላ እናቱ ጋ ስደውል ጠበል መግባቱን ነገሩኝ። እህል አስጠልቶት፣ ከሰው አልነጋገር ብሎ ከርሟል። የዚያን ለሊት ወደ ኋላ ተመልሼ የጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። «ማንም»፣ «ምንም»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ደከመኝ»። ድሮ የሰፈሩን ወሬ እየጻፈ የሚያስቀን ልጅ ስለ ሰው መጻፍ ትቶ ነበር። አላየንም።

የምኖርበት ፊላደልፊያ ውስጥ ተመራማሪዎች የ683 ፈቃደኛ ታካሚዎችን የፌስቡክ ጽሑፍ ቃላት በኮምፒውተር ቆጥረው ከሕክምና መዝገባቸው ጋር አመሳክረው ነበር። ጥናቱ በፈረንጆቹ 2018 ታትሟል። 114ቱ ሐኪም ድብርት ያገኘባቸው ናቸው። እነሱ ስለ እንባ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ብቸኝነት ያነሳሉ፤ «እኔ» ማለትም ያበዛሉ። ምልክቱ፣ ድብርቱ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ እስከ 3 ወር ድረስ ቀድሞ ይታይ ነበር። 3 ወር! በ3 ወር ስንት ጊዜ ይደወላል?

ያ ቆጠራ ግን እንዳለ ለእኛ አይሆንም። የእንግሊዝኛው «እኔ» ለብቻው ይቆማል። እኛ «ደከመኝ» ስንል እኔነታችን ግሡ ውስጥ ነው ያለው። ደግሞስ «ድብርት ያዘኝ» ብሎ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ? «ሆድ ባሰኝ» ነው የምንለው። ማሽን ሆድ ቁርጠት ይመስለው ይሆናል። እኛ ምን ነካን? የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር አድገን፣ ከሰሙ ሥር ወርቁን ፈልጉ እየተባልን፣ የወንድማችንን ሰም አድንቀን አለፍን። «ሆድ ባሰኝ» ያለ ሁሉ ታሟል አልልም። ጨዋታው የተለወጠ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ዛሬም ነገም «ምንም» የሚል ሰው ግን ልብ ሳይሆን ስልክ ነው የሚያስፈልገው።

ለእናቱ ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪምም ይየው አልኳቸው። ደብረ ማርቆስ ሊወስዱት ተስማሙ።

ትናንት ራሱን አገኘሁት።

«ወንድምዓለም፣ ያን የጻፍኩትን አይተኸው ነበር?» አለኝ።

«አይቼው ነበር። አልገባኝም፤ ይቅር በለኝ።»

ዝም አለ። ከወዲያ የእናቱ የቡና ሙቀጫ ይሰማል።

«በል እንግዲያ ልንገርህ» አለኝ።