መጽሐፉ አለ፤ የሚያወጣው ሰው ወጥቷል

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከአሥር ላይ በምማርበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ቆሜ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስፈልገው የቆየሁትን መጽሐፍ በመስታወት አሻግሬ አይቼው ተመልሻለሁ። መጽሐፉ ሪዘርቭ በሚባለው፣ ወደ ቤት የማይወሰዱ መጻሕፍት በሚቀመጡበት ክፍል፣ ከቆምኩበት ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል፤ በሩ ግን ተቆልፏል። የማታ ተረኛው ሠራተኛ በትሕትና፣ «እህቴ፣ ቁልፉ ያለው የቀኗ ሠራተኛ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች» አለኝ። እኔም ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለት ታክሲ ይዤ፣ እራቴን ሳልበላ፣ ትምህርት እስኪጀመር ያለችኝን ሃያ ደቂቃ ለዚያ መጽሐፍ ብዬ ነበር የመጣሁት።

ቅዳሜ ነይ ትሉኝ ይሆናል። ቅዳሜ የምሠራበት ድርጅት የሚዘጋው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ማዋሻ ክፍልም የሚዘጋው በዚያው ሰዓት ነው። እሑድ ጨርሶ አይከፈትም። ስለዚህ አንድ የማታ ተማሪ መጽሐፍ ለመዋስ ያለው ብቸኛ መንገድ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ እኔም በዚህ ዓመት ከዓመት ፈቃዴ ላይ ሦስት ግማሽ ቀን የወሰድኩት መጽሐፍ ፍለጋ ነው። የንባብ አዳራሹ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አዳራሹ ወንበር፣ ጠረጴዛና መብራት ብቻ ነው፤ መጻሕፍቱ ያሉት በተቆለፈው በር ወዲያ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 4 ሰዓት ያገለግላል ተብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ፣ ክፍት የሚሆነው ወንበሩ እንጂ መጽሐፉ እንዳልሆነም አብሮ መጻፍ ነበረበት።

ይህን የምጽፈው ሠራተኞቹን ለመውቀስ አይደለም። በአነስተኛ ደመወዝ እስከ ሌሊት የሚቆዩት እነሱ ናቸው፤ ማክሰኞ ያነጋገረኝም ሰው ከልቡ ነው ያዘነልኝ። የምከሰው የማታ ተማሪ ከክፍል ውጭ ምንም እንደማያስፈልገው ቆጥሮ የተሠራውን አሠራር ነው። የምንከፍለው ክፍያ ከቀን ተማሪው አያንስም፤ የምንፈተነውም አንድ ዓይነት ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩት ሁሉ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ አይመረቁም። በእኛ ኮሌጅ ከሥራ በኋላ እየመጡ ለዚህ ፈተና የሚዘጋጁ ብዙ ወጣቶች በየምሽቱ አብረውኝ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሚያነቡት ግን በስልካቸው ፎቶ የተነሣ፣ ከእጅ ወደ እጅ በቴሌግራም የተላለፈ፣ ግማሹ የደበዘዘ ሃንዳውት ነው። የሒሳብ አያያዝ መጻሕፍት የሚደረደሩበት 657 ቁጥር ከእነዚህ ልጆች ጀርባ፣ ከግድግዳው ወዲያ አለ።

ዋስ የማምጣቱን ጉዳይ ደግሞ እስካሁን ልቀበለው አልቻልኩም። የቀን ተማሪ መታወቂያውን አሳይቶ ሁለት መጽሐፍ ይዋሳል። የማታ ተማሪ ግን መጽሐፍ ወደ ቤት ለመውሰድ ከመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ አለበት፤ ደብዳቤውም በየመንፈቀ ዓመቱ ይታደሳል። ምክንያቱን ስጠይቅ «የማታ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ይጠፋል» ተባልኩ። እኔ የድርጅት ገንዘብ የሚታመንልኝ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤውን ለማስጻፍ የሥራ ኃላፊዬ ፊት ቆሜ፣ መጽሐፍ እንደማልሰርቅ እንዲመሰክሩልኝ መለመን ነበረብኝ። ደብዳቤውን አምጥቼም ያገኘሁት ጥቅም ትንሽ ነው፤ ለእኔ ትምህርት የሚያስፈልጉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ሪዘርቭ ስለሆኑ ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጡም።

የሪዘርቭን ዓላማ አውቃለሁ፤ ትክክለኛ ዓላማም ነው። አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ ለአንድ ሰው ለሁለት ሳምንት ከተሰጠ ሌላው ምንም አያገኝም፤ ስለዚህ እዚያው ውስጥ ለሁለት ሰዓት እያነበቡ መመለስ ለሁሉም ያዳርሳል። ነገር ግን ይህ አሠራር ትርጉም የሚኖረው ክፍሉ አንባቢው ባለበት ሰዓት ሲከፈት ነው። ደግሞም ፎቶኮፒ ማሽኑ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ መጽሐፉ ወደ ውጭ ሱቅ እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ ስልክ ይዞ ወደ ሪዘርቭ ክፍል መግባትም አይፈቀድም። ይህ ሁሉ ሲደራረብ ምን እንዳመጣ ያየሁት ባለፈው ታኅሣሥ ፈቃድ ወስጄ በሄድኩበት ቀን ነው። የምፈልገው የምርምር ዘዴ መጽሐፍ ተሰጠኝ፤ ስገልጠው ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚያስረዳው ምዕራፍ በሙሉ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። መጽሐፍ የሚቆርጥ ሰው የሚበድለው ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ነው፤ ያን ዕለት ተናድጄ ዕንባዬ መጥቷል። ሆኖም አንድ ምዕራፍ በገንዘቡ ኮፒ አድርጎ የሚወጣበት ማሽን ቢኖር ኖሮ፣ ምላጭ ይዞ የሚገባው ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ እርግጠኛ ነኝ።

በሩ ላይ ስለሚያጋጥመው አላበዛም። ቦርሳ ውጭ ይቀመጣል፤ ማስቀመጫው ቁልፍ የለውም፤ የጠፋ ዕቃ ኃላፊነት የሚወስድ አካል የለም። የላፕቶፕ ቁጥር ሲገቡም ሲወጡም ይመዘገባል፤ ወረፋው ከሃያ ደቂቃዬ ላይ ስምንቱን ይበላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ያለ ክፍያ የተሰጠን ነገር መከልከላችን ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር አለ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ሆኖ የከፈተው ሂናሪ ነው፤ በኋላም የግብርናው አጎራ፣ የአካባቢ ጥበቃው ኦአሬ፣ የቴክኖሎጂው አርዲ ተጨምረውበታል። በሺዎች የሚቆጠሩ የምርምር መጽሔቶችና መጻሕፍት የሚገኙበት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ናት። ተቋሙ ይመዘገባል፤ ከተመዘገበ በኋላ መምህሩም ሠራተኛውም ተማሪውም እንዲጠቀም ተፈቅዷል። የእኛ ኮሌጅ መመዝገቡን የሚገልጽ ማስታወቂያ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተለጥፏል። የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ስጠይቅ ግን «ለመምህራን ብቻ ነው» ተባልኩ። አንዱ መምህራችን ደግሞ በቅንነት ስጠይቃቸው እንደዚህ ያለ ነገር መኖሩንም እንዳልሰሙ ነገሩኝ። ኮሌጁ የራሱ ዲጂታል ላይብረሪም አለው፤ የሚከፈተው ግን በግቢው ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ክፍልም እንደ ሌላው ሁሉ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይቆለፋል። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ልጄን አስተኝቼ ለማንበብ ስቀመጥ፣ በስሜ ከተፈቀደው መጽሔት የማገኘው አጭር መግለጫውን ብቻ ነው።

ከእኛ በፊት የተመረቁት ተማሪዎች የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎችም እንደዚሁ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በኢንተርኔት ማከማቻው ላይ ያስቀምጣል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሌሊት የምጠቀመው በእነሱ ነው። የራሴን ኮሌጅ ጽሑፎች ግን ማንበብ የምችለው በሥራ ሰዓት፣ በወረቀት፣ በእጄ እየገለበጥኩ ብቻ ነው። ማንኛችንም ስንመረቅ ጽሑፋችንን ከወረቀቱ ጋር በሲዲ አባዝተን እንድናስረክብ እንታዘዛለን፤ ሲዲዎቹም በካርቶን ታሽገው ተቀምጠዋል። ከእኔ በፊት በዚሁ ርዕስ አካባቢ የሠራ ሰው መኖሩን ያወቅሁት በአማካሪዬ በኩል ነው፤ እሳቸው ባይነግሩኝ ኖሮ የተሠራውን እየደገምኩ ዓመት አጠፋ ነበር።

የምንጠይቀው አዲስ ሕንጻ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ ካታሎጉን የሚያስተዳድረው ኮሃ በሚባለው፣ በኒውዚላንድ በተሠራውና ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ክፍት በሆነው ሶፍትዌር ነው። ይህ ሶፍትዌር አንባቢው ካለበት ሆኖ መጽሐፍ የሚያስይዝበት አገልግሎት አለው፤ እኛ ጋ ግን አልተከፈተም። እሱን ቢከፍቱት፣ እኔ ቀን በስልኬ መጽሐፉን አስይዤ፣ የቀኗ ሠራተኛ ከመውጣቷ በፊት አውጥታ ለማታ ተረኛው ብትተውልኝ፣ እኔም አዳራሹ ውስጥ አንብቤ 4 ሰዓት ሳይሞላ ብመልስለት፣ የቁልፉም የዋሱም ጣጣ ይቀራል። የይለፍ ቃሉም ለተመዘገበ ተማሪ ሁሉ በተማሪ ቁጥሩ ቢሰጥ ኮሌጁን አንድ ብር አያስወጣውም።

ይህንኑ በሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፈን የክፍላችን ተማሪዎች ፈርመናል። አንድ ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ሲመረቅ ለክሊራንስ ብሎ ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቶ፣ አንድም መጽሐፍ ካልተዋሰበት ቤተ መጻሕፍት ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ማኅተም ሲጠብቅ ነበር፤ እሱም ከተመረቀ በኋላ መጥቶ ፈርሞልናል። ደብዳቤው የሚገባው በሥራ ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ወስጄ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የማደርሰው እኔ ነኝ። የሁለተኛውን ምዕራፍ ረቂቅ ለአማካሪዬ የማስረክብበት ቀን ግንቦት 20 ነው፤ በዚያው ሐሙስ የሪዘርቩ በር ክፍት ሆኖ ከጠበቀኝ መጽሐፉን ለሁለት ሰዓት አነበዋለሁ።