ቀለል ብሎ ለሚጓዘው ወንድማችን

ሰው በእግሩ ግሸን ማርያም ሊሄድ ሲነሳ ስንቅ ያዘጋጃል። ገብስ ይቆላል፣ በሶ ያስፈጫል፣ ጋቢ ያጥፋል። የእኛ ወንድም ስልኩን ቻርጅ አደረገ። በቃ፣ ተዘጋጀ።

በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18፣ ደሴ ላይ ተገናኘን። እንደ አህያ ተጭነን ሲያየን አንጀቱን በላነው። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? መንገድ እኮ ቀለል ብሎ ነው!» አለን። እውነቱን ነው። ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቀናል። እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ከፊት ከፊት ቀደመ። ሲያምርበት!

ይህን ጥበብ አባቶቻችን እንኳ አልደረሱበትም። እነሱ ቀለል አልን ብለው በሶ ላይ ቆሙ። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል። አይሻግትም፣ መንገድ ላይ እሳት አይፈልግም። ጨው ጣል አድርገህ በውሃ በጥብጠህ ትጠጣለህ፤ ካሻህ ጨብጠህ ትበላለህ። ቅቤ ያለው ጭኮ ያደርገዋል። ጥሩ ሙከራ ነበር። ግን በሶም ቢሆን ይከብዳል። ወንድማችን መፍትሔውን አገኘ፦ በሶው በሰው ጀርባ ይሄዳል፣ በእሱ አፍ ይገባል።

ምርጫውን ደግሞ ላድንቅለት። ከመካከላችን ጎበጥ ያሉትን እናት መረጠ። ባረፍን ቁጥር አጠገባቸው ቁጭ ይላል። «እናቴ፣ ያቺ በሶ አለች?» ይላል። ለእሳቸው አስቦ እኮ ነው፤ እሱ በበላ ቁጥር ሸክማቸው ይቀላል። ውሃ ከእኔ፣ ፓወር ባንክ ከአንዷ እህት፣ ፕላስተር ከሌላው። አዲስ ነጭ ስኒከር ተጫምቶ ስለመጣ ፕላስተሩ በርከት አለ። (አዲስ ጫማ ተረከዝ እንደሚልጥ ማንም አልነገረውም? ነግረነዋል።) ሶፍትማ ድሮም የጋራ ነው።

ቁልቢ ገብርኤል ስለት ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ይህን ስናወራለት ከልቡ ሳቀ።

የግሸን አምባ ከላይ የመስቀል ቅርጽ አለው ይባላል። ብርዱም ከአራቱ ማዕዘን ነው የሚመጣው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። የሰው ጋቢ ግን እንዴት እንደሚያሞቅ ወንድማችንን ጠይቁት። የእኔን ነው የደረበው። እኔ ነጠላዬ ውስጥ ተኮራምቼ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ የእሱን ማንኮራፋት ሳዳምጥ አደርኩ። ጠዋት ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ለቀቀ። «በባዶ እጄ፣ በእምነት ብቻ ግሸን ደረስኩ» ይላል። ጋቢዬ በጣም ታምራለች።

መስከረም 21 በዓሉ ተከብሮ መመለሻችን ሲደርስ ግን ጉድ አየን። ወንድማችን ዕቃ ያዘ! አምስት ሊትር ጀሪካን፣ ጠበል እስከ አፉ ድረስ የሞላ። ለእናቱ ነው። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ። ቆመ። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ዓይኑ እኚያ ጎበጥ ያሉት እናት ላይ አረፈ፤ በሶው አልቆ ቦርሳቸው ባዶ ነው።