ይድረስ ለጆሮዬ ጎማ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገብተሽ የመስሚያ መሣሪያዬን ድምፅ ለምታደርሺው

ጉዳዩ፦ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ መሳቂያ አድርገሽ ስለመለስሽኝ

ክብርት ሆይ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከፉጨትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንለምን ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድን። ሐረጎን እንዳለፍን ሙቀቱ ጨመረ። አንቺም በላብ መንሸራተት ጀመርሽ። ምንም አላልኩም፤ ቀኑ የእኔ አይደለም ብዬ ቻልኩሽ።

ንግግሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ልጃችሁን ለልጃችን» ብዬ ጨረስኩ። አባትየው መልስ ጀመሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። የመስሚያ መሣሪያዬን ድምፅ ጨመርኩ። አልበቃኝም፤ መዳፌን ጆሮዬ ላይ ከለል አደረግሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ነው የነገረኝ። ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆምኩ ቆይቻለሁና፣ አንቺ ስታፏጪ ከቤቱ ሁሉ የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰው ኪሱን መዳበስ ያዘ። አንዱ «ኧረ ስልክ ዝጉ!» አለ። እኔ ደግሞ ዋናው ሽማግሌ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ምን ዓይነት ነውር ነው! የሰው ቤት መጥቶ ስልክ ያስጮኻል?» ብዬ ተቆጣሁ። ይኸኔ ስኒ የምታነሳው ትንሽ ልጅ ቀረብ ብላ፣ «አባባ፣ የሚጮኸው እኮ የእርስዎ ጆሮ ነው» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባትየው እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። በድንጋጤ ስጎትትሽ ቱቦሽ ተነቀለና ረከቦቱ ሥር ገባሽ። ከዚያማ ምን ልበልሽ፤ የተከበረው ሽማግሌ ተንበርክኮ ቄጠማ ውስጥ ጆሮውን ሲፈልግ ታየ። ስንመለስ ጓደኞቼ «አብሽር» አሉኝ። እሷን ቃል ያላንቺ ሰማኋት።

ባንክ ቤት ተራዬ ሲጠራ አለማሰማትሽን ይቅር ብያለሁ። እሱንስ ማን ሰምቶት ያውቃል? የደሴ ብርድ ቱቦሽ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ጠዋት ጠዋት መዝጋቱንም የአየሩ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

የምታፏጪበትን ምክንያት ግን አውቃለሁ። ከጆሮዬ ጋር ስለማትገጥሚ ድምፁ በጎንሽ ሾልኮ ይወጣል። ማይክሮፎኑ ይቀበለዋል፤ አጉልቶ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይሾልካል። እጅ ሲጠጋ ይብሳል። ስትመጪ «ለምቾት የተሻሻለች» ተብለሽ ነበር። እውነት ነው፣ የፊተኛዋ ጠንካራ ፕላስቲክ ታቆስለኝ ነበር፤ አንቺ ለስላሳ ሲሊኮን ነሽ። ግን የተሠራሽው በድሮው ልክ ነው! ያኔ ወፍራም ነበርኩ። አሁን ከስቻለሁ፤ ሰው በጣም ሲከሳ ደግሞ የጆሮው ቀዳዳም ይለወጣል። ልኩ ሲወሰድም ባለሙያው «አፍህን ግጠም፣ እንዳትነቃነቅ» ነበር ያለኝ። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የጆሮ ቀዳዳ ቅርጹን ይቀይራል። አፍ አስከፍቶ ልክ መውሰድ የመጣውም ለዚሁ ነው። እኔ እበላለሁ፤ አወራለሁ፤ አዛጋለሁ። አፌን የምገጥመው ስተኛ ነው፤ ያኔ ደግሞ አወልቅሻለሁ።

ይህን ስናገር የሚሰጠኝ መልስ «ይለመዳል» ነው። ምኑ ነው የሚለመደው? ጫማ ጠበበኝ ያለን ሰው እግርህን አስተካክል ይሉታል? ጆሮዬ ውስጥ የሚውል ዕቃ ሲሠራ ከእኔ በቀር ሁሉም ተጠይቋል። የቁሱ ዓይነት ተመረጠ፣ ቀለሙ ተመረጠ፤ «ስታኝክ ምን ይሰማሃል?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ስታመምም፣ ሳፍርም፣ ጥፋተኛው ጆሮዬ ነው።

ለማንኛውም ፎርም ሙላ ተባልኩ። ሞላሁ። ፎቶ ጎድሏል ተባለ፤ አመጣሁ። የጆሮ ጎማ ለማስተካከል ጉርድ ፎቶ ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁም፤ አንቺም አትጠይቂኝ። በመጨረሻ «ተራህ ሲደርስ እንደውልልሃለን» አሉኝ። ጆሮው ለማይሰማ ሰው! በስልክ! የደወሉ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?

ስለዚህ ልኬ እንደ አዲስ፣ አፌን ከፍቼ፣ ቢቻል ዳቦ እያኘክሁ ይወሰድልኝ። የሠሩሽ አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሄዳለሁ። ግን እዚያ ደርሼ አፍህን ግጠም የሚለኝ ካለ፣ አልገጥምም።

ቀጣዩ የሽምግልና ቀጠሮ ሳይደርስ መልስሽን እጠብቃለሁ። በጽሑፍ ይሁን፤ እንዳትደውዪ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለግራ ጆሮዬ፣ እንዲያውቀው