ቁጥራችሁን ደብቁ

ስለ ቴሌግራም ግሩፖች በጻፋችሁት ምክር ላይ «በግሩፕ የተዋወቃችሁትን ሰው በውስጥ መስመር አውሩት» ያላችሁት ልክ ነው፤ ግን ዋናውን ነገር፣ ስልክ ቁጥር መደበቅን፣ ዘለላችሁት እኮ። ዱባይ ያለችው እህቴ የሀበሻ ሴቶች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስለ አልጋ ኪራይ አንዲት ጥያቄ ጻፈች፣ ማታውኑ «እህት እንዴት ነሽ» የሚሉ የማታውቃቸው ወንዶች ይደውሉላት ጀመር፣ ለካ ቁጥሯ ለሁሉም ክፍት ነበር! ሴቲንግ ግቡ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ ስልክ ቁጥር የሚለውን «ኖባዲ» (ማንም አይየው) አድርጉት። ለሰው ዩዘርኔም (በ@ የሚጀምረውን የቴሌግራም ስማችሁን) ብቻ ስጡ። ደግሞ ተራው ቻት የቴሌግራም ሰርቨር (የድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው፣ ማለትም ከምታወሩት ሁለታችሁ በቀር ማንም የማያነበው፣ ሲክሬት ቻት የሚባለው ነው፣ እሱም በጀመራችሁበት ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስልክ ከቀየራችሁ የለም። (እህቴ ይሄን ሳታውቅ ስልክ ቀይራ፣ በሲክሬት ቻት የነበረውን የቤት አድራሻ አጥታ ስትፈልግ ዋለች።) ኤጀንት ነኝ ብሎ የፓስፖርት ፎቶ የሚጠይቅ ከመጣ ግን ወሬ የለም፣ ብሎክ።