«ሲርበው ይበላል» ያላችሁኝ ሁሉ፣ ኑና አብሉት

እስቲ ፍረዱኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ቨርጂኒያ፣ የገዛ ኩሽናዬ ወለል ላይ ቁጢጥ ብዬ በአንድ እጄ የአንድ ኪሎ እንስሳ ማጅራት ጨብጫለሁ፤ በሌላኛው ጣቴ ለብ ያለ የተፈጨ ዶሮ ከንፈሩ ላይ እቀባለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ መግባት አለብኝ። እሱ ደግሞ መርዝ ያቀመስኩት ይመስል ፊቱን አዙሮ አፉን ምንጣፌ ላይ ይጠርጋል። የእናቴ ልጅ እዚህ ትድረስ?

እንስሳው ፌሬት ይባላል። ለማታውቁት፣ ሽለምጥማጥን አስቡ፤ ረዘም ቀጠን ያለ፣ እግሩ አጭር፣ ፊቱ ላይ የሌባ ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና በቪዲዮ ስታየው «አንቺ ልጅ፣ ሽለምጥማጥ ነው እንዴ ቤት ያስገባሽው?» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ልጆች ሆነን ሽለምጥማጥ ቆጡ ውስጥ ገብቶ ባደረ ቁጥር ጠዋት የምናገኘው ላባ ብቻ ነበር፤ አባቴ ከራስጌው በትር የማይለየው በእሱ ምክንያት ነው። እና አሁን «እማዬ፣ ዶሮ ብላ ብዬ እየለመንኩት እምቢ አለኝ» ስላት ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ «ታሟል እንዴ?» አለችኝ።

አዎ፣ ታሟል። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ፌሬቶቹ የልጄ ናቸው። ሁለት ናቸው፦ ማኪያቶ አምስት ዓመቱ ነው፣ ቡላ ሁለት ዓመቷ። ልጄ ኮሌጅ ገባችና ዶርሙ እንስሳ አይፈቅድም ተባለ። «ማሚ፣ ሳህኑ ላይ ኪብል መጨመር ብቻ ነው፣ ምንም ሥራ የለውም» ብላኝ ሄደች፤ ኪብል ማለት በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ ምግባቸው ነው። ምንም ሥራ የለውም! ይህቺን ቃል ቀርጬ ባስቀመጥኳት ኖሮ። ሎስ አንጀለስ ያለው የባሌ ወንድም ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀብኝ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌሬት ማሳደግ በሕግ የተከለከለ ነው። እኔም ያን ቀን ምነው እዚያ በኖርኩ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ሳይ ማኪያቶ ጎጆው ደጃፍ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኑ ተከፍቷል ግን አያይም፤ የኋላ እግሮቹ እንደ ጨርቅ ተጎትተዋል፣ ለሃጩ ይወርዳል። ለልጄ ደወልኩ፣ እያለቀሰች «ማር! ማር ድዱ ላይ ቀቢው!» አለችኝ። ለጠጅ ያስቀመጥኩትን ማር በጣቴ ቀባሁት፣ ከደቂቃዎች በኋላ ነፍስ ዘራ። የእንስሳት ሐኪሟ ደሙን ስትለካው ስኳሩ 52 ነው አለች። ኢንሱሊኖማ ይባላል፤ ቆሽት ላይ የሚወጣ እጢ ኢንሱሊን ያለ ልክ ያመነጭና የደሙን ስኳር ያወርደዋል። በዚህ አገር ፌሬቶች ላይ የተለመደ በሽታ ነው አለችኝ። የእሱ ቆሽት ታመመ፤ የእኔ ቆሽት ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እያረረ ነው።

መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ፕሬድኒሶሎን። ከዚያ ስለ ምግቡ ገባች። ፌሬት ሥጋ በል ነው፣ ሥጋ ብቻ። አንጀቱ አጭር ስለሆነ የበላው በሦስት በአራት ሰዓት ውስጥ ወጥቶ ያልቃል፤ እህልና ቅጠል የሚብላላበት ትርፍ አንጀት የለውም። ስለዚህ ስኳርና ስታርች የበዛበት ነገር ይቅርበት፣ ደግሞም በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ይብላ አለችኝ። ቤት ገብቼ የኪብሉን ከረጢት ገልብጬ አነበብኩ፦ በቆሎ፣ አተር፣ ድንች። የጾም በያይነቱ እኮ ነው ስመግበው የኖርኩት!

ጥሬ ሥጋ ከነአጥንቱ ብሰጠውስ ስላት ሐኪሟ ፊቷ ብዙም አልፈታም። ባክቴሪያ አለ፣ ልኩን ካላወቅሽ ይጎዳዋል፣ በሽታውንም አያድነውም፤ ካደረግሽው ግን በጥንቃቄ አድርጊው አለች። እኔ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ሲባል ምን ያስፈራኛል? ቁርጥ በሚበላበት ቤት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ኮሶም ከሐኪሟ በፊት አውቃለሁ። ቀላል መሰለኝ። ዶሮ ገዛሁ፣ ብልት አወጣሁ፣ ክንፉን ከነአጥንቱ ሳህን ላይ አድርጌ አስቀመጥኩ፣ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

አሸተተው። አንዴ ማስነጠስ የመሰለ ነገር አደረገ። ከዚያ በአፍንጫው ገፍቶ ከሳህኑ አወጣውና ባዶው ሳህን አጠገብ ተቀምጦ አየኝ። «ምግቡስ?» ዓይነት አስተያየት።

ለካ እነዚህ ፍጥረቶች ምግብን የሚያውቁት በአፍንጫ ነው፤ ያውም በሕፃንነት። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ያልለመዱት ሽታ ካደጉ በኋላ ምግብ አይመስላቸውም። ማኪያቶ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ያንኑ የደረቀ ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ አባቶቹ አሳደው አንገቱን የሚሰብሩት ዶሮ ለእሱ እንደ ጫማ ያለ ነገር ነው። የዶሮ ሌባ ዘር ሆኖ ዶሮ አያውቅም!

እዚህ ጋ ነው እናንተ የምትመጡት። ቤተ ክርስቲያን ተነገረ፣ ሥራ ቦታ ተነገረ፣ እህቴ ሰማች። ሁሉም አንድ አፍ ሆኖ፦ «ተይው፣ ሲርበው ይበላል።» አይበላም እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር? ይህ እንስሳ ተርቦ ከቆየ ስኳሩ ይወርድና ይወድቃል፣ ሊሞት ይችላል። ጤነኛዋ ቡላ እንኳ ሆዷ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ኩሷ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። እልኸኛ ልጅ በረሃብ ይገራል የምትለዋ ብልሃት እኛ ላይ ሠርታ ይሆናል፤ በስምንት ልጅ መሃል አድጌ ያልወደድኩትን ጎመን የበላሁት በእሷ ነው። ፌሬት ግን ወንድም አይሻማውም። እሱ መሞትን መርጦ ይተኛል፤ በቀን እስከ አሥራ ስምንት ሰዓት ድረስ ነው ደግሞ የሚተኛው፣ ራሱን ስቶ ይሁን ለጥ ብሎ በምን ልወቀው? በየሰዓቱ አፍንጫው ሥር መስታወት ልይዝ ምንም አልቀረኝም።

ሁለተኛዋ ምክራችሁ «ቀቅለሽ ስጪው» ናት። ሥጋው ቢቀቀል ግድ የለም፣ አጥንቱ ግን ሲበስል ይደርቅና ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ ጥሬው ነው ለስልሶ የሚደቅቅለት። ይህን ለአንድ ሰው ካስረዳሁ በኋላ ለሚቀጥለው ደግሞ ሀ ብዬ እጀምራለሁ።

ባሌ የራሱን ሙከራ አደረገ። ከሐበሻ ሥጋ ቤት ቁርጡን ይዞ መጣና ከዳቢቱ ጠፍር የሌለበትን መርጦ፣ ቀጭን አድርጎ ቆርጦ ማኪያቶ ፊት አቀረበለት። እኔን እንዲህ መርጦ አጉርሶኝ አያውቅም። ማኪያቶ ዞሮ ሄደ። ባሌ ሥጋውን አንስቶ በቢላው ጫፍ እያገላበጠ ትንሽ አሰበና «ሚጥሚጣ አጥሮት ነው» ብሎ ራሱ በላው።

ቡላስ? ቡላ የባሰች ናት። እሷ ትወስዳለች! ክንፉን በአፏ አንጠልጥላ ስትሮጥ «ተመስገን፣ አንዷ እንኳ ገባት» ብዬ እልል ልል ነበር። አልበላችውም፤ ደበቀችው። ፌሬት ያገኘውን ሁሉ ይደብቃል፤ በላቲን ስሙ ላይ ያለችው «ፉሮ» ራሷ ሌባ ከሚለው ቃል የመጣች ናት። በአራተኛው ቀን ሳሎኑ የሆነ ሽታ ሸተተኝ። ፍሪጅ አጠብኩ፣ ቆሻሻ አወጣሁ፣ ባሌን ካልሲህን አምጣ አልኩት። ሽታው አልሄደም።

በዚያው ሳምንት የማርያም ማኅበር ተራዬ ነበር። ሁዳዴ ነው። ዕጣኑን አብዝቼ አጨስኩ፣ ፌሬቶቹን መኝታ ቤት ቆለፍኩ፣ ሽሮው ምስሩ ቀረበ፣ ጸሎት ተደረገ፣ እማማ የምንላቸው ትልቅ ሴት ዳቦውን ሊቆርሱ ተነሱ። ያን ጊዜ ቡላ በየት እንደወጣች እንጃ፣ ከሶፋው ሥር ብቅ አለች፤ በአፏ የዶሮ አንገት ይዛ። ወደ ኋላዋ እየተራመደች፣ እየጎተተችው፣ ሳሎኑን ለሁለት ከፍላ፣ በእማማ ነጠላ ጫፍ ላይ አሳልፋ ሄደች። አንገቱ አረንጓዴ ሆኗል። ማንም ቃል አልተነፈሰም። እማማ አማተቡ። እኔም አማተብኩ፣ ምን ላድርግ?

እንግዶቹ ሲሄዱ ሶፋውን ገለበጥነው፦ ሦስት ክንፍ፣ አንድ የዶሮ ልብ፣ የባሌ የጠፋ የመኪና ቁልፍ።

ጾሙን ካነሳሁ አይቀር፣ ሁዳዴን ሙሉ እጄ ጉበት ለጉበት ሲሸት ነው የከረመው። ልማድ ሆኖ ጣቴን ልልስ ስል ስንት ጊዜ አፌ ጫፍ ላይ እንደመለስኩት አምላክ ያውቃል። ተጨንቄ ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ ስቀው «ካልበላሽው ምን አለበት፣ እሱም ሳይጾም አልቀረም» አሉኝ።

አሁን ወደ ብልሃቱ። ለእንዲህ ዓይነቱ እምቢተኛ ሾርባ ይሠራለታል፦ ጥሬ የዶሮ ሥጋ፣ ትንሽ ልብ፣ ጥቂት ጉበት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ አጥንቱ እንደ ዱቄት ደቅቆ፣ ከላይ የሚያውቀው ኪብል ተፈጭቶ እንደ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል። ከዚያ ኪብሉን በየቀኑ መቀነስ ነው። ልክ አለው ደግሞ፦ አጥንት ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ጉበት 5 በመቶ ገደማ፣ ሌላ የሆድ ዕቃ እንደዚያው፣ የቀረው ሥጋና ልብ። አጥንት ሲበዛ ኩሱ ነጭ ሆኖ ይፈረፈራል፣ ሲያንስ ይቀጥናል። የልጆቼን ዳይፐር እንኳ እንዲህ አጥንቼ አላየሁም። ተልባና ሱፍ የምፈጭበት ብሌንደር በዚህ ምክንያት ተሰዋ፤ ሌላ ገዛሁ፣ ባሌ ላዩ ላይ በማርከር «የሰው» ብሎ ጻፈበት።

አንድ ነገር ብቻ ለበጎ ተፈጠረ፦ ፌሬት ማጅራቱን ይዘው ብድግ ሲያደርጉት ያዛጋል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ያዛጋል። ያን ጊዜ ነው ጠብ ማድረግ። አንድ ጠብታ፣ ምላሱን ያንቀሳቅሳል፣ ይናደዳል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደገና።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት አዋቂዎች ደግሞ ሌላ ፈተና ናቸው። አንዱ ኪብልና ጥሬ አይቀላቀልም ይላል፣ ሌላው ቀላቅይ ይላል። አንዷ «ሙሉ አይጥ ስጪው፣ ልኩን ጠብቆ የተፈጠረ ነው» ብላ የቀዘቀዘ አይጥ የሚሸጥበትን አሳየችኝ። ፍሪዘሬን ከፍቼ አየሁት፦ እንጀራ፣ ከእናቴ የመጣ በርበሬ፣ ቅቤ። በርበሬው ጎን አይጥ? እናቴ ሞታም ቢሆን ታውቅብኛለች። ሌላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኦሪገን ውስጥ የወፍ ጉንፋን የተገኘበትን የታሸገ ጥሬ ቱርክ የበላ ድመት መሞቱን ላከልኝ፤ በእኩለ ሌሊት! ፌሬት ደግሞ ጉንፋን ይዞት የሚሄድ ፍጥረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ላይ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለየው በፌሬት ነው። እኔ ባስነጥስ እንኳ ይያዛል። ቀዝቃዛ ወሬ የምትልኩልኝ ሰዎች ግን አንዳችሁም «እኔ ዛሬ ሌሊት ላብላልሽ» አላላችሁም።

ሰባተኛ ሳምንታችን ነው። ትናንት ከኮሪያኖቹ ገበያ ድርጭት ገዝቼ ለቡላ ግማሹን ሰጠኋት። ይዛ ልትሮጥ ስትል በሩን ዘጋሁት። አየችኝ፣ አየኋት። ተኛችበት፣ በመንጋጋዋ ጎን ያዘችው፣ ከዚያ ቀጭ... ቀጭ... አጥንቱ ሲደቅቅ ኩሽናው ውስጥ ተሰማ። ሙሉ ክንፉን ጨረሰች። ለልጄ ቀርጬ ላክሁላት፣ «ማሚ ፕሮ ሆነሻል» ብላ መለሰችልኝ። መጥተሽ ውሰጃቸው ማለት ፈልጌ ነበር።

ማኪያቶ ግን ያው ነው። ሾርባውን ከጣቴ ላይ ከሆነ ይልሳል፤ ሳህን ላይ ሲሆን አያውቀውም። የቀዘቀዘም አይወድም፣ የሞቀም አይወድም፣ ለብ ያለ። ለአማቴ እንኳ እንዲህ አላስተናገድኩም።

አሁን አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ሦስት ጣት ልሶ ጭኔ ላይ ተኝቷል። ይህን በአንድ እጄ ስጽፍ ነው ስህተት የበዛው። ያልተከፈተ ትልቅ ከረጢት ኪብል አለኝ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ምክር የምትጽፉ ግን አትጻፉልኝ።

ቆይ፣ ቡላ ጎጆዋ ውስጥ የለችም። ከሶፋው ሥር የሆነ ነገር እየተጎተተ ነው፣ ሄጄ ልይ።